የማህተም ቀለሙ ለምን አልደርቅ አለ? በእጅ ለሚሠራ ፖስት ካርድ ወረቀትና ቀለም ስለመምረጥ

ጥያቄ፦ «ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምጽፍልህ። ላጲስ እየቀረጽኩ በማህተም ፖስት ካርድ እሠራለሁ። ለእንቁጣጣሽ ብዬ ከማተሚያ ቤት የሚያብረቀርቅ 300 ግራም ወረቀት ገዛሁ። ቀለሙ የቢሮ ማህተም ቀለም ነው፣ ጥቁርና ሐምራዊ። አቦ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልደርቅ አለኝ! በጣት ሲነካ ይዝረከረካል። አንዱ ቤንዚን ጠብ አድርጊበት አለኝ፣ ሌላዋ አሴቶን፣ ጎረቤቴ ደግሞ ፀሐይ ላይ አስጪው አለችኝ። አሰጣሁት፤ ካርዱ ተጣመመ፣ ሐምራዊውም ገረጣ። ቀለሙ ፎርጂድ ይሆን? አሁን የእህቴ ኒካህ እየመጣ ነው። 80 ካርድ እሠራለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ወርቃማ ነገር ይኑርበት ብላለች። ምን ወረቀት፣ ምን ቀለም ልግዛ?»

ምላሽ፦ ቀለሙ ፎርጂድ አይደለም። ደህና የቢሮ ቀለም ነው፣ የተሠራበትንም ሥራ እየሠራ ነው። የተበላሸው ከወረቀቱ ጋር ያለው ጥምረት ነው። ይህ ካልተስተካከለ የከዚራን ሰፈር ሱቆች ከላይ እስከ ታች ዞረሽ አሥር ዓይነት ቀለም ብትገዢም ያው ነው የሚሆነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደተፈጠረ ላስረዳሽ፣ ከዚያ ወደ ኒካሁ እንመጣለን። እንደ ድሬ ልጅ «አንተ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ እኔም «አንቺ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

የቢሮ ማህተም ቀለም ሆን ተብሎ እንዳይደርቅ ነው የሚሠራው። ስታምፕ ፓዱ ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲውል ቢደርቅ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ ግሊሰሪን ወይም ግላይኮል የሚባል ወፍራም ፈሳሽ ይገባበታል። ይህ ፈሳሽ በተራ የአየር ሙቀት አይተንም ማለት ይቻላል። ግሊሰሪን እንዲያውም ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ነሐሴ ላይ ድሬ ዝናብ ሲያገኛትና አየሩ ሲርስ ቀለምሽ ይብስ የሚጨቀየው ለዚህ ነው። ታዲያ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ላይ የተመታ ማህተም ወዲያው ደርቆ የምናየው እንዴት ነው? አልደረቀም። ወረቀቱ ጠጥቶት ነው። ቀለሙ በቃጫው መካከል ሰርጎ ስለሚገባ ላዩ ላይ በጣት የሚነካ ነገር አይቀርም።

አንቺ የገዛሽው የሚያብረቀርቅ ካርድ፣ ማተሚያ ቤቶች አርት ካርድ የሚሉት፣ ይህን መጠጣት ተከልክሏል። ላዩ እንደ ካኦሊን ወይም ካልሲየም ካርቦኔት ባለ በጣም የላመ ነጭ ማዕድን ከማጣበቂያ ጋር ተለብጧል። ከዚያም በሮለር ተጨፍልቆ ተወልውሏል። ለማተሚያ ማሽን ግሩም ነው። የኦፍሴት ቀለም ዘይት ያለበት ስለሆነ አየር ሲያገኘው ራሱ ይጠጥራል፤ ወረቀቱ ብዙ እንዲጠጣለት አይጠብቅም። የቢሮ ማህተም ቀለም ግን እንደዚያ የሚጠጥርበት ነገር የለውም። መግቢያ ሲያጣ ላዩ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። ሦስት ቀን አይደለም ሦስት ሳምንት ብትጠብቂም ያው ነው።

አሁን ወደ ተሰጠሽ ምክር። ቤንዚኑን ተዪው። ጎማ ቤንዚን ሲጠጣ ያብጣል፣ የተቀረጸው መስመርም ቅርጹን ያጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ እሳት ነው፤ ሻይ በሚፈላበት ቤት ክፍት ቤንዚን ይዞ መቀመጥ ለአንድ ካርድ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም። አሴቶን ለላጲስ ማህተም ይባስ። አብዛኛው ነጭ ላጲስ የፕላስቲክ ዘር ነው፤ አሴቶን ሲነካው ላዩ ይልሰለሳል፣ ያን ያህል የደከምሽበት ቅርጽ ይጠፋል። አልኮል ጨምሪበት የሚልም አይጠፋም። አልኮሉ ቀለሙን ያቀጥነዋል፣ ከዚያ እሱ ተኖ ይሄዳል፣ ግሊሰሪኑ እዚያው ይቀራል። ትርፉ የደበዘዘ ቀለም ነው። ፀሐዩስ? ግሊሰሪኑን አላደረቀውም፣ ሐምራዊውን ግን በላው። ካርዱ የተጣመመውም ወረቀት እርጥበቱን በአንድ ወገን ቶሎ ሲያጣ በዚያው ወገን ስለሚኮማተር ነው።

ስለዚህ የምትፈልጊው ያልተለበጠ ወረቀት ነው። ሱቅ ቆመሽ መለየት ትችያለሽ። ጣትሽን ትንሽ አርጥበሽ የወረቀቱ ጥግ ላይ ለአፍታ ተጫኚ። የተለበጠ ከሆነ ጣትሽን ያዝ ያደርገዋል፤ አንዳንዴም ስታነሺው ነጭ ነገር ይቀርብሻል። ሌላው የሳንቲም ዘዴ ነው። የሳንቲም ጠርዝ ቀስ አድርገሽ ብትጎትቺበት፣ የተለበጠው ላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ግራጫ መስመር ይተዋል። ያልተለበጠው ላይ ብዙም አይታይም። ባለሱቁ ግን በጥግ ላይ እንድትሞክሪ ቀድመሽ ጠይቂው፤ የሰው ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «የማያብረቀርቅ ስጠኝ» ብለሽ ከጠየቅሽ ባለሱቁ ማት የሚባለውን ያወጣልሻል። ማት ማለት አያብረቀርቅም ማለት ብቻ ነው። አብዛኛው ማት ካርድ እንደ ወንድሙ የተለበጠ ነው፣ ልዩነቱ አለመወልወሉ ነው። ዓይን ይሸወዳል፣ ጣትና ሳንቲም ግን አይሸወዱም። በተቃራኒው ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ የተለበጠ ካርድ አለ። ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ሸካራ ነው። እቤትሽ ያለውን ገልብጠሽ እዪው። ጀርባው ሸካራ ከሆነ በዚያ በኩል ማህተም ይቀበልሻል፣ ግማሽ ችግርሽ ዛሬውኑ አለቀ ማለት ነው።

ያልተለበጠ ሁሉ ደግሞ ጥሩ አይደለም። ቡናማ የመጠቅለያ ወረቀት፣ ሳሳ ያለ የሥዕል ደብተር፣ የጋዜጣ ወረቀት ከመጠን በላይ ይጠጣሉ። ቀለሙ ከመስመሩ አልፎ እንደ ቀጭን ሥር በየአቅጣጫው ይበተናል። አበባ ያተምሽ መስሎሽ የፈሰሰ ሻይ የመሰለ ነገር ታገኛለሽ። ጥሩ የጽሕፈት ወረቀት ፋብሪካ ሲሠራ ውሃ ቶሎ እንዳይገባበት የሚያደርግ ነገር ይጨመርበታል፤ ጠጪነቱ ልክ የሚኖረው በዚህ ነው። ርካሹ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ማህተም ላይ ከብዙ ውድ የጌጥ ወረቀት የተሻለ መስመር የሚሰጠው ለዚህ ነው። ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም፣ ሞክሪውና እዪው።

ከመግዛትሽ በፊት አንድ ሉህ ብቻ ውሰጂና እቤት ፈትኚው። በክብሪት እንጨት ጫፍ ቀለሙን ነክተሽ ትንሽ ነጥብ አድርጊበት። አጠገቡ ደግሞ ማህተምሽን ምቺ። ሩብ ሰዓት ጠብቂና ሶፍት ጣል አድርገሽ በመዳፍሽ ተጫኚ። ሶፍቱ ንጹሕ ከሆነና የነጥቡ ጠርዝ ክብ ሆኖ ከቆየ ወረቀቱን ግዢው። ሶፍቱ ከቆሸሸ ወረቀቱ አይጠጣም። ሶፍቱ ንጹሕ ሆኖ ነጥቡ ጺም ካወጣ ደግሞ ከልክ በላይ ይጠጣል።

ስለ ግራም። ቁጥሩ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው እንጂ ውፍረት አይደለም። ማዕድን የተለበጠውና የተጨፈለቀው 300 ግራም፣ ካልተለበጠው 300 ግራም የሳሳ ነው። ስለዚህ ያልተለበጠ ስትገዢ ቁጥሩን ዝቅ ብታደርጊም ካርዱ አይልፈሰፈስም። ታጥፎ ለሚቆም ካርድ ያልተለበጠ ከ200 እስከ 250 ግራም ይበቃል። 160 ግራም ለትንሽ ካርድ ይሆናል፣ ትልቅ ከሆነ ግን ይንበረከካል። 80 ግራሙ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ብቻውን ካርድ አይሆንም።

ብቻውን አይሆንም ያልኩት ምክንያት አለኝ። የገዛሽውን የሚያብረቀርቅ ካርድ ለማዳን ከሁሉ የሚቀለው መንገድ እሱን መሠረት ማድረግ ነው። ማህተሙን ባልተለበጠ ወረቀት ላይ ምቺ፣ በደንብ ቁረጪውና አርት ካርዱ ፊት ላይ ለጥፊው። ዙሪያውን የሚተርፈው የሚያብረቀርቅ ጠርዝ ፍሬም ይሆንለታል። ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው፤ ማህተሙ ቢበላሽብሽ የምትጥዪው ትንሽ ቁራጭ እንጂ ሙሉ ካርድ አይደለም። ለመለጠፊያው ፈሳሽ ኮላ አትጠቀሚ። ውሃው ስሱን ወረቀት ያሸበሽበዋል። ሁለቱም ገጹ የሚያጣብቅ ፕላስተር ወይም እንደ ሊፒስቲክ እየተሽከረከረ የሚወጣው ደረቅ ኮላ ይሻላል። ለመለጠፊያ ከ80 ግራም ይልቅ 100 ወይም 120 ካገኘሽ የታችኛው ቀለም አያሳልፍብሽም።

አጠፋፉን በአጭሩ ልንገርሽ። ወረቀት ቃጫው በአንድ አቅጣጫ ይተኛል። በቀስታ ወደ ሁለቱም በኩል አጎንብሺው፤ በቀላሉ የሚጎብጥበት አቅጣጫ ቃጫው የሚሄድበት ነው፣ እጥፋቱም ከዚያ ጋር ይሂድ። በተቃራኒው ካጠፍሽው ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ በተለይ የተለበጠው ካርድ። ከማጠፍሽ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪፕቶ በማስመሪያ ይዘሽ አንዴ አስምሪበት። ሌላው ደግሞ ፖስታውን አስቀድመሽ ግዢ፣ ካርዱን በፖስታው ልክ ቁረጪ። አንድ ኤ4 ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ሲታጠፍ 105 በ148 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ 114 በ162 በሆነው ሲ6 ፖስታ ውስጥ ልክ ይገባል። ካርዱን ሠርቶ ፖስታ ፍለጋ የድሬን ታይዋን ገበያ የሚያስስ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ወደ ቀለም እንምጣ። የማህተም ቀለም በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በፈሳሹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሟሟ ቀለም ነው፣ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟው። የቢሮው ቀለም ከዚህ ወገን ነው። ይሰርጋል፣ ደማቅ ነው፣ ርካሽ ነው። ግን ውሃ ጠብ ሲልበት እንደገና ይሟሟል፣ ብርሃን ሲያገኘውም ይገረጣል። ከሁሉ ቶሎ የሚሞቱት ደግሞ ሐምራዊና ቀይ ዘሮቹ ናቸው። የአንቺ ሐምራዊ የፎረሸው ለዚህ ነው። መስኮት አጠገብ የተሰቀለ የድሮ ሰርተፍኬት ላይ ያለ ሐምራዊ ማህተም አይተሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ፤ ጽሑፉ አለ፣ ማህተሙ ግን ጥላ ሆኗል።

ሁለተኛው ፒግመንት የሚባለው ነው። ይህ አይሟሟም። በጣም የላመ ዱቄት በፈሳሽ ውስጥ ተንሳፎ ነው ያለው። ፈሳሹ ሲሄድ ዱቄቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ማጣበቂያውም ይይዘዋል። ብርሃን በቶሎ አያሸንፈውም። የጥቁሩ ፒግመንት ካርቦን ነው፣ ማለትም ጥላሸት። የብራና መጻሕፍት ጥቁር ቀለም ዋና ነገሩ ያው ጥላሸት ነው፤ ስንት መቶ ዓመት ቆይቶ ዛሬም ጥቁር ነው። የሠርግ ካርድ ሰው አልበም ውስጥ አስቀምጦ ለልጁ የሚያሳየው ነገር ስለሆነ ጥቁሩ ፒግመንት ይሁን የምለው ለዚህ ነው። ጉዳቱ ቀስ ብሎ መድረቁ ነው። ባልተለበጠ ወረቀት ላይ አንድ ሌሊት ስጪው። በተለበጠ ወረቀት ላይ ግን ፒግመንትም አያድንሽም፣ እሱም ተንሳፎ ይቀራል።

ከውጭ የሚመጣልሽ ዘመድ ካለሽ ጥቁሩን ቨርሳፋይን የሚባለውን አስመጪ። ፒግመንት ነው፣ ስስ መስመር አይበላም፣ ከደረቀ በኋላ ውሃ አይፈራም። ሜሜንቶ የሚሟሟው ዘር ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለጊዜያዊ ካርድ ጥሩ ነው። ስታዝኦን የሚባለው በኬሚካል ሟሚ የተሠራ ስለሆነ በሚያብረቀርቅ ካርድ ላይም ይደርቃል። ይህን ሰምተሽ ግን አትሩጪ፤ ለእውነተኛ ጎማ ማህተም ነው እንጂ ለላጲስና ለፕላስቲክ ማህተም አልመክረውም። ፓዱም ክፍት ከተረሳ በድሬ ሙቀት ወዲያው ነው የሚሰናበትሽ።

ዘመድ ከሌለሽስ? አክሪሊክ የሥዕል ቀለም ይበቃሻል። እንደ ፕላስቲክ ሆኖ ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ ውሃ አይነካውም፣ ውስጡ ያለው ቀለም ሰጪም ፒግመንት ነው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ላይ በጣም ትንሽ አድርጊ፣ ስፖንጁን ሌላ ወረቀት ላይ መታ መታ አድርገሽ ትርፉን አስወጪ፣ ከዚያ ማህተሙን በስፖንጁ ንኪው። ማህተሙን ቀለም ውስጥ አትንከሪ። ሁለት ሦስት ካርድ ከመታሽ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ አለዚያ መስመሮቹ ውስጥ ይደርቃል፣ ከደረቀ ደግሞ በመርፌ ነው የምትለቅሚው። ድሬ ቀትር ላይ ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ቲሸርት የሚያትሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ውሃ የሚቀበል የጨርቅ ቀለምም በዚሁ መንገድ ይሠራል፣ እንዲያውም ትንሽ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ጊዜ ይሰጥሻል።

ሁለት ነገር ግን አትሞክሪ። የፕሪንተር ቀለም ፓድ ላይ ማፍሰስ በጣም ተለምዷል። ቀጭን ውሃ ነው፣ በቀዳዳ ለመረጨት የተሠራ ነው። ማህተም ላይ ጤዛ ሆኖ ይቋጠራል፣ ወረቀት ላይ ይፈሳል፣ ብዙዎቹ የከለር ቀለሞችም የሚሟሟው ዘር ስለሆኑ ውሃ ይፈራሉ። ከማተሚያ ቤት የሚለመን የኦፍሴት ቀለም ደግሞ ጥቁረቱ ያማልላል። ግን ዘይቱ የጎማ ማህተም ያሳብጣል፣ ለማጽዳትም ላምባ ይፈልጋል፣ ዞረሽ ቤንዚኑ ጋ ትደርሻለሽ።

ወርቃማው። የቢሮ ቀለም ውስጥ ወርቅ የለም፣ አትፈልጊው። ወርቃማ የሚመስለው የሚያብለጨልጭ ዱቄት ነው፤ ስለዚህ ወይ ወርቃማ ፒግመንት ፓድ፣ ወይ ወርቃማ አክሪሊክ ነው ያለሽ። ኢንተርኔት ላይ ያየሽው እብጥ ብሎ የሚያብለጨልጭ ወርቅ ሌላ ነገር ነው። ቀስ ብሎ በሚደርቅ ቀለም ላይ የሚቀልጥ የፕላስቲክ ዱቄት ተነስንሶ፣ በልዩ የሙቀት ማሽን ይቀልጣል። የፀጉር ማድረቂያ አይሠራልሽም፤ ሙቀቱ አይደርስም፣ ነፋሱም ዱቄቱን ይበትነዋል። ከሥር በኤሌክትሪክ ምድጃ አሙቀው የሚያቀልጡ አሉ። አንድ ሁለት ካርድ ያምራል፣ ለ80 ካርድ ግን አንዱ መቃጠሉ፣ እጅሽም መለብለቡ አይቀርም። ወርቃማ አክሪሊክ በስፖንጅ ውሰጂ። እሱም ስስ መስመር አይወድም፤ ደፈን ያለ ቅርጽ ይሁን፣ ጨረቃ፣ ቅጠል፣ የሐረር ስፌት ላይ እንደሚታየው ያለ ትልልቅ ሦስት ማዕዘን። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ወረቀት ላይ ወርቁ ይበልጥ ይወጣል። የቢሮ ቀለም ግን ከሥሩ ያለውን ስለሚያሳይ በጥቁር ወረቀት ላይ ምንም አይታይም።

ወርቅ ቢቀርብሽም ያለ ቀለም የሚያምር ነገር አለ። የሐረር የድሮ መጻሕፍት የቆዳ ሽፋን ላይ ያለው ሐረግ በመሣሪያ ተጭኖ የወጣ ጉድጓድ መስመር ነው። ለስለስ ያለ ያልተለበጠ 250 ግራም ካርድ ከሥሩ ሁለት ሦስት ጋዜጣ አነጥፈሽ፣ በካርቶን የተቆረጠ ቅርጽ ላይ አድርገሽ፣ ከጀርባው በማንኪያ ጀርባ ብታሺው ቅርጹ ጎልቶ ይወጣል። ወጪው ዜሮ ነው።

ስለ ማህተሙ ራሱ ብዙ አልልም፣ ላጲስ መቅረጽ ትችያለሽና። ፊደል ግን ተጠንቀቂ። የእኛ ፊደል እግርና ቀለበት ይበዛዋል፤ በትንሹ ከቀረጽሽው የ«ቋ» ዓይን በቀለም ይደፈናል። ጽሑፉ ከጣት ጥፍር ካነሰ አትቅረጪው፣ በእጅ ጻፊው ወይም በሌዘር ፕሪንተር አሳትሚው። ማህተሙን ክብ አድርገሽ ዙሪያውን ጽሑፍ አታስኪጂበት፤ የመሥሪያ ቤት ማህተም መስሎ ሰው ያስደነግጣል። ላጲሶቹን ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አትክተቺ፤ ከጊዜ በኋላ ፕላስቲኩን እየበሉ ይጣበቁበታል። ወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጫቸው።

ድሬ ውስጥ ለመሥራት ጠዋት ይሻላል። ቀትር ላይ ቬንትሌተር ከፍተሽ ከተቀመጥሽ ውሃ ያለበት ፓድ ዓይንሽ እያየ ይደርቃል። ፓዱን ስትጨርሺ ክደኚውና ፌስታል ውስጥ ቋጥረሽ ገልብጠሽ አስቀምጪው፤ ቀለሙ ወደ ላይኛው ገጽ ይወርዳል። የቆርቆሮው ሥር ካለ መደርደሪያ አርቂው። ሐረር ያለች ጓደኛ ካለችሽና «የእኔ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው» ካለችሽ አትገረሚ፤ ሐረር በ700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ቀዝቀዝም ትላለች። የእሷ ሰዓት ለአንቺ፣ የአንቺም ለእሷ አይሠራም።

ለኒካሁ እንዲህ አድርጊ። የገዛሽውን አርት ካርድ መሠረት አድርጊው። ፊቱ ላይ የሚለጠፍ ያልተለበጠ፣ ከ100 እስከ 120 ግራም፣ ከደማቅ ነጭ ይልቅ ወደ ክሬም የሚያደላ ወረቀት ግዢ። ደማቁ ነጭ የሚያበራው በተጨመረበት ማንጫ ስለሆነ በብርሃን ጊዜ ውስጥ ይገረጣል። ከአንድ ኤ4 አራት ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱን 95 በ138 ሚሊ ሜትር ካደረግሽው ዙሪያውን አምስት አምስት ሚሊ ሜትር ጠርዝ ይቀርልሻል። ለ80 ካርድ 20 ሉህ ነው፤ አንቺ 30 ግዢ። ጥቁሩ ፒግመንት ፓድ ይሁን፣ ካጣሽ ጥቁር አክሪሊክ። ወርቁ አክሪሊክ። ሌላ ቀለም አትጨምሪ። ሐምራዊው የቢሮ ቀለም በዚህ ካርድ ላይ ቦታ የለውም፣ ለልጆች የእንቁጣጣሽ ካርድ ይቆይ።

ቅደም ተከተሉም ልዩነት አለው። በፕሪንተር የሚታተም ጽሑፍ ካለ እሱ መጀመሪያ ይለቅ። ቀለም ወይም የሚቀልጥ ዱቄት ያለበትን ወረቀት ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ብትከቺ የውስጡ ሙቀት አቅልጦት ማሽኑን ያበላሽብሻል። ቀጥሎ ጥቁሩን ሁሉንም ምቺ፣ ይደር። በማግሥቱ ወርቁን። መለጠፉ የመጨረሻ ነው። ስትመቺ ከሥር ጥቂት ጋዜጣ አንጥፊ፣ ቀጥ አድርገሽ ተጫኚ፣ አታወዛውዢ፣ ቀጥ አድርገሽ አንሺ። ሲያልቅ በየመካከሉ ስስ ወረቀት እያደረግሽ ደርድሪው፤ ባጃጅ ላይ ተፋትጎ የተበላሸ ካርድ ማንም አይጠግንልሽም። እንግዳ ስሙ ተሳስቶ መጻፉ ስለማይቀር ደግሞ አሥር ያህል ተጨማሪ ካርድ ስም ሳይጻፍበት ይቀመጥልሽ።